ተማሪዎቼ በሁሉም ታካሚ ቻርት ላይ «20» ይጽፋሉ፤ ምን ላድርግ?

የማራኪዋ መምህርት (ጎንደር)፦

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦቼ።

እዚህ ጎንደር ነርሲንግ አስተምራለሁ። ዘንድሮ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት ዎርድ ላይ ሠርቻለሁ። ስለዚህ የምጠይቃችሁን ነገር በሁለቱም በኩል ቆሜ አይቼዋለሁ። መላው ግን ጠፍቶብኛል።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ስምንት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ይዤ ሜዲካል ዎርድ ገባሁ። እስኪሰባሰቡ ብዬ ቻርቶቹን ማገላበጥ ጀመርኩ። የትንፋሹን ረድፍ፣ ታካሚው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተነፈሰ የሚጻፍበትን፣ ብቻ ነበር የማየው። 11 ቻርት አየሁ። ዘጠኙ ላይ 20 ይላል። ሁለቱ ላይ 22። ጠዋትም 20፣ ማታም 20፣ ሌሊትም 20። አንዱ የልብ ድካም ያለበት አዛውንት ነው። አንዷ ወባ ያለባት ወጣት ናት። አንዱ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ይዞት የተመለሰ የቀን ሠራተኛ ነው። በቻርቱ መሠረት ሁሉም እኩል ይተነፍሳሉ።

7ኛ አልጋ ላይ ከደንቢያ የመጡ እናት ነበሩ። አልተኙም። ቀና ብለው ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ፍራሹ ላይ ተክለዋል። ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ከበሩ ይታያል። ሄጄ «እንዴት አደሩ እናቴ» አልኳቸውና የእጃቸውን አንጓ ያዝኩ። የልብ ምት የምቆጥር መሰልኩ እንጂ ዓይኔ ጋቢው ላይ ነበር። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ። 36። ቻርቱ ላይ ከሦስት ሰዓት በፊት የተጻፈው 20 ነው።

ልጃቸው ራስጌው ላይ ቆሟል። «ከትናንት ማታ ጀምሮ እንዲህ ናቸው። ጋደም ሲሉ ያፍናቸዋል» አለኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ኦክስጅናቸው ሲለካ 82 በመቶ ነው። ሐኪም ተጠራ፤ ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ መድኃኒታቸው ተቀየረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በስምንተኛው ቀን በእግራቸው ወጥተዋል። ሲወጡ ግንባሬን ስመው መረቁኝ። እኔ ግን ያንን 20 ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

የጻፈው ተማሪዬ ነው። ለብቻው ጠራሁት። ሰነፍ ልጅ አይደለም፤ ከባቹ ጎበዝ ከሚባሉት አንዱ ነው። «ለምን 20 ጻፍክ?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። «ቲቸር፣ ከላይ ያለውን አይቼ ነው» አለኝ። ከላይ ያለው የሌሊት ተረኛ የጻፈችው ነው። እሷም ከእሷ በላይ ያለውን አይታ ይሆናል።

የሚገርመው ይኸው ልጅ በኦስኪ ፈተና (ከጣቢያ ጣቢያ እየዞሩ የሚፈተኑት የተግባር ፈተና) የትንፋሽ ቆጠራው ጣቢያ ላይ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። ፈታኟ እኔ ነበርኩ። ታማሚ ሆና የተኛችውን ልጅ ሰላም አላት፣ እጇን ያዘ፣ ደረቷን እያየ 60 ሰከንድ ሙሉ ቆጠረ። አንድም ነገር አልሳተም። ስለዚህ ችግሩ አለማወቅ አይደለም። ጆርጅ ሚለር በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ፒራሚድ ሁላችንም ተምረነዋል። ታች ያለው ማወቅ ነው። ቀጥሎ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ። ቀጥሎ ሠርቶ ማሳየት። ጫፉ ላይ ደግሞ በዕለት ተዕለት ሥራ መሥራት። እኛ ሦስተኛው ላይ ፈትነን እናሳልፋቸዋለን። ማንም በማያይበት ሰዓት አልጋ አጠገብ ምን እንደሚያደርጉ ግን አናውቅም።

እውነቱን ልናገር። እኔም ጽፌያለሁ። ዎርድ ላይ ሳለሁ ሌሊት ለ30 ታካሚ ሁለት ሆነን ስናድር ግፊቱንና ሙቀቱን እለካለሁ፤ ትንፋሹ ጋ ስደርስ 20 ብዬ አልፋለሁ። ግፊት ያለ መሣሪያ አይገኝም። ትንፋሽ ግን መሣሪያ ስለሌለው የሚጠይቅሽ የለም። ከእነዚያ 20ዎች መካከል እንደ ደንቢያዋ እናት ያሉ ስንት እንደነበሩ አላውቅም። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

እና ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሳይቆጥር የጻፈ ተማሪ ላይ ነጥብ ልቀንስ ወይስ ሌላ መንገድ አለ? የዎርዱ ነርሶች የትናንት ጓደኞቼ ናቸው። «ቻርታችሁ ውሸት ነው» ብዬ እንዴት እጀምራለሁ? ሌላም አለ። ማስተርሴን ስጨርስ ሌክቸር እንዴት እንደሚሰጥና ፈተና እንዴት እንደሚወጣ ተምሬያለሁ። ለሲፒዲ (ለሙያ ፈቃድ እድሳት ለሚያዘው ተከታታይ ሥልጠና) የወሰድኳቸው ሥልጠናዎችም አዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር የሚሰጡ ናቸው። አልጋ አጠገብ ቆሞ ማስተማርን ማንም አላስተማረኝም። እናንተ እንዴት ነው የተማራችሁት?


የሌሊት ተረኛ፦

እህቴ፣ እኔ የምሠራው በሌላው ወገን ነው። ዎርድ ላይ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ። ስለጻፍሽው እውነት አመሰግናለሁ። አብዛኛው አስተማሪ ከዎርድ ሲወጣ እኛን መሆኑን ይረሳል።

ግን የእኛንም ስሚ። ትናንት ሌሊት ብቻዬን 17 ታካሚ ይዤ አድሬያለሁ። ያለን የግፊት መለኪያ አንድ ነው፤ ክንድ ላይ የሚታሰረው ካፉ አየር ያስወጣል፤ በእጄ ጨብጬ ነው የምለካው። ግድግዳው ላይ ሰዓት የለም። ስልኬን አውጥቼ ስቆጥር አስታማሚዎች «ሥራዋን ትታ ስልክ ትነካካለች» ይላሉ። አንድ ጊዜ ለአለቃዬ ተነግሮብኛል።

አሁን ስለ ተማሪዎችሽ። ስምንት ሆነው ይመጣሉ። በ3 ሰዓት ይገባሉ፤ አምስት ተኩል ላይ የሉም። ያችኑ አንዷን መለኪያ ይዘው ከአልጋ አልጋ ይዞራሉ። አስተማሪው ይመጣል፣ ሎግ ቡክ (ተማሪው የሠራውን የሚመዘግብበት ደብተር) ይፈርማል፣ ይሄዳል። አንድ ታካሚ በአንድ ጠዋት አራት ጊዜ ክንዱ ይታሰራል። አንድ አባት «ልጄ፣ ደሜን ጨረሳችሁት እኮ» ብለውኛል። ያን ሁሉ ለክተው ደግሞ የተገኘውን ቁጥር ለእኔ የሚነግረኝ የለም። ወረቀታቸው ላይ ጽፈው ይሄዳሉ።

እንዴት ልጀምር ላልሽው፣ ቻርት ይዘሽ አትምጪ። ጠዋት 2 ሰዓት ርክክብ ላይ ነይ። ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ ከእኛ ጋር ቁሚ። የሌሊቷ ተረኛ ስታስረክብ አዳምጪ። ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብለሽ ብቻ ነይ። የሚያስከፋን ስህተታችን መነገሩ አይደለም። በታካሚና በተማሪ ፊት መነገሩ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት አስተማሪ ታካሚ ደም ሥር ላይ የተከልኩትን ካኑላ እያሳየች «እንዲህ አይሠራም» ብላ ስምንት ተማሪ ሰብስባብኛለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሷ ተማሪዎች ሲመጡ ምንም አላሳያቸውም ነበር። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። ግን እንደዚያ ሆነ።

ስምንቱን ተማሪ ለ28 አልጋ አታሰማሪያቸው። ለሁለት ልጅ አራት ታካሚ ስጪ። አራቱን እውነት ይለኩ። ከዚያ መጥተው በአፋቸው ይንገሩኝ። «ሲስተር፣ 7ኛ አልጋ 36 ነው» ብሎ የነገረኝን ልጅ ቁጥሩንም ልጁንም አልረሳም።

ብትችሉ ደግሞ የግድግዳ ሰዓት፣ ሴኮንድ ያለው፣ ገዝታችሁ ስቀሉልን።


ጡረተኛዋ ነርስ፦

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 36 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ግማሹን በማስተማር። ዓይኔ ደክሟል፤ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

የደንቢያዋን እናት ስታነሺ ልቤ ተነካ። ከተማችን ይህን ሙያ ማስተማር የጀመረችው በደንቢያ ምክንያት ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ደንቢያ ላይ ወባ ገብቶ ሕዝብ ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ ኮሚኒቲ ነርሷና ሳኒታሪያኑ (የአካባቢ ጤና ባለሙያው) በአንድ ቡድን ሆነው ገጠር ወርደው ነበር የሚሠለጥኑት። ትምህርቱ ያለው በሽተኛው ካለበት ነው ተብሎ ታምኖ ማለት ነው። እኔ የደረስኩት ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ልማዱ ግን አስተማሪዎቻችን ላይ ነበር። ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያስተማሩን ትዝ አይለኝም። አልጋ አጠገብ ቆመው ያስተማሩን ነው የቀረኝ።

አንዷ አስተማሪዬ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን አጠገብ አስቀመጠችኝ። «ቁጠሪ» አለችኝ። ቆጠርኩ። ቁጥሩን ስነግራት ልክ ነው ወይም አይደለም አላለችኝም። «እኔም ቆጥሬያለሁ። እንደገና አብረን እንቁጠር» አለችኝ። አብረን ቆጠርን። ሕፃኑ ሲያለቅስ ተውነው። ጡት ይዞ ዝም ሲል እንደገና ጀመርን። ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ቅር አላላትም። ከዚያ በኋላ ሕፃን ሳልቆጥር አልፌ አላውቅም። ቀበሌ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ እንኳን ዛሬ ቆጥራ ነው የምትወስነው። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40። አንድ ቁጥር ሲስት ሕፃኑ መድኃኒት ሊቀርበት ይችላል።

ለተማሪዎችሽ ይህን ንገሪያቸው። ሰውነት ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚናገረው በትንፋሹ ነው። ግፊቱ ገና ደህና ነው፤ ሰውየው ያወራሻል፤ ትንፋሹ ግን ከፍ ብሏል። ኦክስጅን ሲያንሰው፣ ደሙ ሲመረዝ፣ የስኳር በሽተኛው ደም አሲድ ሲሆን፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይታያል። ግፊቱ እስኪወርድ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል።

አንድ ዘዴ ላካፍልሽ። ቻርቱ ላይ ጎዶሎ ቁጥር ፈልጊ። ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ያባዛ ሰው 16፣ 20፣ 24፣ 28 ነው የሚያገኘው። ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ያባዛም ጎዶሎ አያገኝም። 17፣ 23፣ 31 የሚያገኘው ደቂቃውን ሙሉ የቆመ ብቻ ነው። እኔ የተማሪ ቻርት ሳገላብጥ ጎዶሎ ካጣሁ ዞር ብዬ ልጁን አየዋለሁ።

ቅጣቱን በተመለከተ፣ «ለምን አልቆጠርክም?» ብለሽ ከጠየቅሽው ሌላ ውሸት ያስተምረዋል። «ና፣ አብረን እንቁጠር» በዪው። ያላየነውን እንዳላየን መጻፍ ነውር እንዳልሆነ ደግሞ አሳዪያቸው። ባዶ ቦታ የሚቀጥለውን ተረኛ ያስጠነቅቃል። የውሸት 20 ግን ያስተኛዋል።

የራስሽንም ንገሪያቸው ልጄ። እኔ ነግሬያቸው ነበር። የናቀኝ የለም።


አራተኛ ዓመት፦

ቲቸር፣ እርስዎ የሚያስተምሩበት ነኝ ወይስ አይደለሁም የሚለውን አልናገርም። ግን ከእኛ በኩል ያለውን ልንገርዎ።

እኔም 20 ጽፌያለሁ። ብዙ ጊዜ። ሰንፌ አይደለም። ሎግ ቡኩ በሁለት ሳምንት 40 ሙሉ ቫይታል ሳይን (ግፊት፣ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ) ይላል። አንድ ባዶ ሳጥን ካለ ያ አይቆጠርም፤ ነጥብ ይቀነሳል። ባዶ ሳጥን ያስቀጣል። የውሸት ቁጥር የተቀጣበት ተማሪ ግን አላየሁም። እኛ ደግሞ ቶሎ ነው የሚገባን። ምን እንደሚፈለግ አይተን ነው የምንሠራው።

መጀመሪያ ዎርድ የወጣሁ ቀን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆሜ ቆጥሬ ነበር። 26 አገኘሁ። ቻርቱ ላይ ያለው 20 ነው። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብዬ አሰብኩ። የሚሠሩት እነሱ ናቸው፣ እኔ ተማሪ ነኝ። 26ቱን ሰርዤ 20 ጻፍኩ። ያ ታካሚ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም። ልምምዳችን አልቆ ወጣን። እስካሁን አስበዋለሁ።

ያን ቀን አጠገቤ ቆሞ «26 ነው፣ ልክ ነህ» የሚለኝ ሰው ቢኖር ሌላ ነርስ እሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። አሁንም ጊዜ አለኝ።


የማራኪዋ መምህርት፦

ለሁላችሁም መልስ እጽፋለሁ። አሁን ግን ለዚህ ልጅ ብቻ ልመልስ።

ወንድሜ፣ የጻፍከውን እንዳነበብኩ ተነስቼ የራሴን ቼክሊስት ከመሳቢያ አወጣሁ። «ሁሉም ሳጥን ተሞልቷል፦ 2 ነጥብ» ይላል። ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከአምስት ዓመት በፊት አስተማሪነት እንደጀመርኩ ሌሊት ተቀምጬ የጻፍኩት ነው። «በትክክል ተለክቷል» የሚል መስመር የለውም። «ያልተለካ ካለ ምክንያቱ ተጽፏል» የሚል የለውም። ልጆቹ የታዘዙትን ነው የሠሩት።

26ህ ልክ ነበር። ዘግይቶም ቢሆን ልንገርህ።

እትዬ፣ እርስዎ የላኩት የጎዶሎ ቁጥር ነገር ዛሬ እንቅልፍ ነሳኝ። ያለፈውን ሴሚስተር ሎግ ቡኮች ከመደርደሪያ አውርጄ ገለበጥኩ። ከአንድ ቡድን ውስጥ ሦስት ጎዶሎ ቁጥር ብቻ አገኘሁ። ሦስቱም የአንዲት ተማሪ ናቸው። «ቀርፋፋ ነሽ፣ ፍጠኚ» ብዬ የተቆጣኋት ልጅ ናት።


ከደብረ ታቦር፦

መምህርት፣ እኔም የሙያ አጋርዎ ነኝ፤ ደብረ ታቦር አስተምራለሁ። በአንድ ነገር ከእትዬ ጋር አልስማማም። ሳይለካ ቁጥር የፈጠረ ተማሪ መጠየቅ አለበት። መድኃኒት ሳይሰጥ «ሰጥቻለሁ» ብሎ ከፈረመ እንምረዋለን? አንምረውም። ይህም ፊርማ ነው። እኔ ጋ ሕጉ ግልጽ ነው። «አልለካሁም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው» ያለ ምንም አይቀነስበትም። የፈጠረ ግን ያን ቀን የሠራው በሙሉ አይያዝለትም፤ ይደግመዋል። ሕጉን ከማውጣቴ በፊት ግን ባዶ መተው እንደሚቻል ሁለት ሳምንት ሙሉ አስተምሬያለሁ። ያለዚያ ግፍ ነው።

20 ለምን አደገኛ እንደሆነ ለተማሪ የማሳየው እንዲህ ነው። የብሪታንያው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሽያንስ በ2012 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው የአዋቂ ታካሚ ማስጠንቀቂያ ነጥብ አለ። ትንፋሽ ከ12 እስከ 20 ከሆነ ዜሮ ነው። 21 ሲገባ 2 ይሆናል። 25 እና ከዚያ በላይ 3። ለትንፋሽ ብቻ 3 ያገኘ ታካሚ ሐኪም በአስቸኳይ ሊያየው ይገባል። እንግዲህ 20 ዜሮ የሚያሰጥ የመጨረሻው ቁጥር ነው። 20 የጻፈ ሰው «ማንም መምጣት አያስፈልገውም» ብሎ እየፈረመ ነው። ሰሌዳ ላይ መስመር አሰምርና 20 እና 21 መካከል አቆማቸዋለሁ። የእርስዎን እናት 36 እዚያ መስመር ላይ ቢያስቀምጡት ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም። ሠንጠረዡ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች እንደማይሆን ግን አብረው ይንገሯቸው።

አልጋ አጠገብ ማስተማር እንዴት ተማርክ ላሉት፣ እኔን የጠቀመኝ የፔይተን አራት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ዝም ብዬ እንደማንኛውም ቀን እሠራለሁ፤ ተማሪው ያያል። ሁለተኛ እያስረዳሁ እሠራለሁ። ሦስተኛ እሱ ይነግረኛል፣ እኔ በእሱ ቃል እሠራለሁ። አራተኛ እሱ እየነገረኝ ይሠራል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ተማሪው ያልገባው የሚታየው ግን እዚያ ላይ ነው። አንድ ልጅ «አሁን እጃቸውን ይያዙ፣ ከዚያ እየቆጠርኩ ነው ይበሏቸው» አለኝ። ታካሚው እየተቆጠረበት መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ እንደሚለወጥ አልገባውም ነበር ማለት ነው። ክፍል ውስጥ መቶ ጊዜ ብዬዋለሁ።

ለቆጠራው ደግሞ ሁለት ቁራጭ ወረቀት እይዛለሁ። አብረን እንጀምራለን፣ አብረን እናቆማለን። ሳንነጋገር እንጽፋለን፤ ከዚያ እንገልጠዋለን። በሁለት ከተለያየን ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና። አንዳንዴ የምሳሳተው እኔ ነኝ። ተማሪው ያን ሲያይ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ይዩት።

ሲፒዲውን አዳራሽ አይጠብቁ። እኛ ጋ ፈቃድ ያለውን የሲፒዲ ማዕከል አነጋግረን በዎርዱ ውስጥ የሚሰጥ አጭር ሥልጠና አስመዘገብን። አስተማሪና የዎርድ ነርስ አብረው ይወስዱታል፤ ለሁለቱም ለፈቃድ እድሳት ይያዝላቸዋል። የዎርዱ ነርስ ተማሪያችንን በነፃ እያስተማረች ነው የኖረችው። ቢያንስ ይህ ይድረሳት።


የሌሊት ተረኛ፦

ወንድሜ፣ የመጨረሻዋን አንቀጽ ኮፒ አድርጌ ለአለቃዬ ልኬያታለሁ።


የማራኪዋ መምህርት፦

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ርክክብ ላይ መሄድ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ዝም ብለው አዩኝ። ሁለተኛው ቀን አንዷ «ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለችኝ። ሦስተኛው ቀን ሻይ ጠሩኝ። እዚያ ሻይ ላይ ነው የደንቢያዋን እናት ነገር ያነሳሁት። ከራሴ ጀምሬ ነገርኳቸው፤ እኔ በዚሁ ሥራ ላይ ሳለሁ የጻፍኳቸውን 20ዎች። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ከዚያ ሁለቱ የራሳቸውን ነገሩኝ። ማንም ማንንም አልወቀሰም።

ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ሴኮንድ ያለው የግድግዳ ሰዓት ገዛሁ። ከ7ኛ አልጋ ትይዩ፣ ከሁሉም አልጋ እንዲታይ አድርገን ሰቀልነው። ሚስማሩን የመታው የአንድ ታካሚ ወንድም ነው።

ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አደረግኳቸው፤ ለሁለት ልጅ አራት ታካሚ። ቼክሊስቴን ቀየርኩ። «ሁሉም ሳጥን ተሞልቷል» ጠፍቷል። በምትኩ «ተማሪውና መምህሩ አብረው ቆጥረዋል» እና «ያልተለካው ከነምክንያቱ ተጽፏል» የሚሉ ገቡ። 40ውን ወደ 12 አወረድኩት። የሌሎች መምህራን ሎግ ቡክ ግን አሁንም 40 ነው። የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ አንስቼው «ቁጥሩን ማሳነስ ጥራት መቀነስ ነው» ተብዬ ተከራክሬያለሁ። አልጨረስነውም። በሚቀጥለው ወር ቻርቶቹን ይዤ እመለሳለሁ።

የፈጠረ ይደግም የሚለውን የደብረ ታቦሩን ሕግም ወስጃለሁ፤ ግን ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ነው የሚሠራው። እስከዚያ ባዶ መተውን እያለማመድኳቸው ነው። በጣም ከብዷቸዋል። እጃቸው ባዶ ሳጥን ላይ ሲደርስ ይቆማል። ያ ጎበዙ ልጅ ማክሰኞ ዕለት አንዱን ሳጥን ባዶ ትቶ አጠገቡ በደቃቃ ጽሑፍ «አልለካሁም፤ ታካሚው ራጅ ሄዷል፤ ሲመለስ ይለካ» ብሎ ጽፎ አሳየኝ። ሲያሳየኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከምሳ በኋላ ራሱ ተመልሶ ለክቶ 19 ጻፈ። ማንም አላዘዘውም።

«ቀርፋፋ» ያልኳትን ልጅ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። አሁን ለሁለተኛ ዓመቶቹ ትንፋሽ ቆጠራ የምታሳየው እሷ ናት።

እትዬ፣ ትናንት ቻርቶቹን አገላበጥኩ። 17፣ 22፣ 19፣ 31፣ 18፣ 25። 31ዱ ጋ ስደርስ ሐኪሙ ቀድሞኝ አልጋው አጠገብ ቆሞ ነበር።


የሌሊት ተረኛ፦

እህቴ፣ እኛም ካንቺ አይተን ሰዓት ሰቅለናል። ትናንት ሌሊት 14ኛ አልጋ 27። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ተረኛ ሐኪሙን ቀስቅሼ መጥቶ አየው፤ ኦክስጅን ላይ ነው። ሰዓታችን በቀን ሁለት ደቂቃ ይዘገያል። ለቆጠራው ችግር የለውም፤ ለመድኃኒት ሰዓት ግን ግራ ያጋባል። የእናንተው እንዴት ነው፣ ይሠራል?